የካምፐር ጣሪያ አልነሳ ላላችሁ፦ ሊመሰገን የሚገባው ባለሙያ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ጣሪያው በእጅ ዊንች (በእጀታ እየተጠመዘዘ ኬብል በሚጠቀልል መሣሪያ) የሚነሳ ተጣጣፊ ካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ ካላችሁ የእኚህን ሰው ስልክ ያዙ። ቤት ድረስ መጥተው ይሠራሉ፣ የሚሠሩትን በአማርኛ እያስረዱ ነው፣ ደግሞ ያለቦታው ዕቃ አያስቀይሩም። የእኛ ጣሪያ ሲነሳ ከኋላ በቀኝ ያለው ጥግ ዝቅ ብሎ ይቀር ነበር። ቀድሞ ያየው ጋራዥ «ዊንቹ ሞቷል» ብሎ ነበር።

እሳቸው ገና በስልክ የጠየቁት «የቀረው አንድ ጥግ ነው ወይስ አራቱም?» ብለው ነው። ዊንቹ የሚጎትተው አንድ ዋና ኬብል ነው። ኬብሉ ሻንሲው ሥር ካለች አግዳሚ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ከብረቷ ደግሞ ወደ አራቱ ጥግ አራት ኬብሎች ይሄዳሉ። እንግዲህ ዊንቹ ወይም ዋናው ኬብል ቢበላሽ አራቱም አብረው ይቀራሉ። አንዱ ብቻ ከቀረ የዚያ ጥግ ኬብል፣ ፑሊ (ኬብሉ የሚዞርባት ትንሽ ጎማ) ወይም ጣሪያውን የሚያነሳው ምሰሶ ነው የሚታየው። የዊንቹ ፍሬን የሚጠረጠረው ጣሪያው ከተነሳ በኋላ በራሱ ሲንሸራተት ነው።

ሥር ከመግባታቸው በፊት አራቱንም ጥግ በልክ በተቆረጠ 2 በ4 ጣውላ ደገፉ። ይህን ሳያደርግ ጣሪያ ሥር የሚገባ ሠራተኛ ካያችሁ የመጣበትን ከፍላችሁ ሸኙት።

ጥፋቱ ፑሊው ላይ ተገኘ። በዝገት ተይዞ መዞር አቁሟል፤ ኬብሉ በላዩ እየተፋተገ ክሮቹ ተበጣጥሰዋል። ኬብሉን ብቻ ቀይሮ መሄድ ይቻል ነበር፣ ያው ፑሊ አዲሱንም ይበላዋል እንጂ። ፑሊውን ቀየሩ፤ የአራቱንም ጥግ ኬብሎች አንድ ላይ ቀየሩ፤ ምክንያቱም አዲስ ኬብል ከተለጠጠ አሮጌ ጋር ሲሠራ ጣሪያው አይስተካከልም። የተጠቀሙት በውፍረት ከድሮው እኩል የሆነ፣ 7 በ19 የሚባለው (ሰባት ጥቅል፣ በየጥቅሉ 19 ቀጭን ሽቦ) ባለ ብዙ ክር ኬብል ነው። 7 በ7 ረከስ ይላል፣ ግን ደረቅ ነው፤ ትንሽ ፑሊ ላይ በታጠፈ ቁጥር ይደክማል። በመጨረሻ ከካምፐሩ የታችኛው አካል፣ ከሣጥኑ፣ ጠርዝ እስከ ጣሪያው በየጥጉ በሜትር እየለኩ፣ የኬብሉን ዳዶ እያጠበቁና እያላሉ አራቱን እኩል አደረጉ።

ምሰሶዎቹን ጠርገው ሲሊኮን ነፉባቸው። ግራሶ አቧራ ስለሚይዝ እዚያ አይገባም። ለዊንቹ ጥርስ ግን ግራሶ ሰጡት፤ የፍሬኑ ሸራ ላይ ጠብታ እንዳትደርስ ተጠንቅቀው፣ ሸራው ግራሶ ከነካው አይይዝምና።

ኬብል በብዛት የሚበጠሰው ጣሪያው ጫፍ ከደረሰ በኋላ ዊንቹን መጠምዘዝ ሲቀጥሉ ነው። ለዚህ ያደረጉልን ነገር ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፦ ከጣሪያው እስከ ሣጥኑ አንድ ሲባጎ አሰሩ፤ ሲወጠር ማቆም ነው። ሲያወርዱ ደግሞ ኬብሉ ከላላና ጣሪያው ካልወረደ ምሰሶ ተይዟል ማለት ነው። እጀታውን ወደ ኋላ መልሳችሁ ኬብሉን ወጥሩት፤ ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁ ጣሪያው ድንገት ይወድቃል። ከማንሳታችሁ በፊት አራቱም መቆለፊያ መከፈታቸውን እዩ፣ ብስክሌት ከላይ ካለ አውርዱ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉ የካምፐሩን ስሪት፣ ዓመተ ምርትና ሞዴል ከታርጋ ሰሌዳው ሳይሆን አካሉ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብቡላቸው፤ የኬብሉ ርዝመት በሞዴል ይለያያል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል።