ቅጠል ላይ የሚረጨው ወይስ ተክሉ ራሱ የሚሠራው?

ጅማ ዙሪያ፣ ቀርሳ ላይ፣ የበቆሎውን እምብርት ገለጥ ስታደርጉት እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ታያላችሁ፤ ከኩሱ ሥር መጤ ተምች የሚባለው አባጨጓሬ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አብሮን አለ።

እንዲህ ላሉ ተባዮች አዲሱ ዘዴ ተባዩን ባለሁለት ሰንሰለት አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ የሆነ ሞለኪውል) ማብላት ነው። ሴሎቹ አርኤንኤውን ይቆራርጡና በቁራጩ መሪነት የራሳቸውን መልእክተኛ አርኤንኤ፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰውን፣ ያጠፋሉ፤ አስፈላጊው ፕሮቲን ሳይሠራ ይቀራል። የአርኤንኤው ፊደላት ቅደም ተከተል የዚያ ተባይ ብቻ እንዲሆን ተደርጎ ስለሚመረጥ፣ ዓላማው ንብን የመሰሉ ሌሎች ነፍሳት እንዳይነኩ ነው፤ ማር ለሚቆረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማብያው መንገድ ሁለት ነው፦ አርኤንኤውን ቅጠል ላይ መርጨት ወይም ተክሉ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ። የሚረጨው፣ ዘር መቀየር አይጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ለድንች ጥንዚዛ በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተፈቅዷል። ግን ፀሐይና ዝናብ ቶሎ ያበላሹታል፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

በተክሉ ውስጥ የሚሠራው ዝናብ አያጥበውም፤ ሥር ውስጥ ያለ ተባይም ጋ ይደርሳል። ለበቆሎ ሥር ጥንዚዛ እዚያው አሜሪካ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ተፈቅዷል። ዋጋው ዘሩ ነው፦ ዘረመሉ የተቀየረ ዘር ማለት ነው።

ለተምቹ ግን ሁለቱም ይቸገራሉ። የአባጨጓሬ አንጀት አርኤንኤውን ሴል ሳይደርስ ይሰባብረዋል፤ ጥንዚዛዎች ናቸው በቀላሉ የሚሸነፉት። የቡና ፍሬ ሰርሳሪ የሚባለው ተባይ ጥንዚዛ ነው፤ ነገር ግን ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር የሚረጨው አይደርሰውም። ተክሉ ራሱ ይሥራው ቢባል፣ የዱር ቡና አሁንም በሚበቅልበት ጫካ አጠገብ ዘረመሉ የተቀየረ ቡና ሲተከል ማየት አልፈልግም። ስለዚህ እኔ የምመርጠው የሚረጨውን ነው፤ ለቡና ሳይሆን ለበቆሎ፣ አርኤንኤውን ከአንጀት የሚጠብቅ ሽፋን ሲገኝለት።