ከምትናገረው መቅጃዬ ጋር 9 ወር

ዙም ኤች 1 ኢሴንሻል የምትባለውን ትንሽ የድምፅ መቅጃ ከያዝኩ 9 ወር ሆነኝ። ደሴ ነው የምኖረው። ክራር እመታለሁ፣ እዘፍናለሁ፣ ዓይኔ ግን አያይም። ቤቴ ነው የምቀዳው፣ ሚክሱንም፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠኑንና ማዋሃዱን፣ ራሴ ነኝ የምሠራው። ስለዚህ መለኪያዬ አንድ ናት፦ ወንድሜን ስንት ጊዜ ጠራሁት?

በድሮው መቅጃዬ ያለ እሱ መንቀሳቀስ አልችልም ነበር። ድምፅ ሲበዛ ቀይ መብራት ይበራል፣ ቀዩን የሚያይልኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ከሄደ በግምት እቀዳለሁ። አንድ ቀን አምባሰል ስዘፍን፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ ደረቴን ከፍቼ ለቀቅኩት፤ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም። መልሼ ስሰማው ከፍ ያለው ቦታ ሁሉ ተሰነጣጥቋል፣ እንደተቀደደ ስፒከር ይንጫጫል። ማታ ሲመጣ አሰማሁት። «እታለም፣ እኔ ብኖር እነግርሽ ነበር» አለኝ። ልጁ ምን ያድርግ? ደግሜ ብሞክረውም ያ ስሜት አልመጣልኝም።

ይቺኛዋ የቅጂ መጠን ማስተካከያ የላትም። 32 ቢት ፍሎት በሚባለው መንገድ ነው የምትቀዳው። ገንዳው በጣም ሰፊ ነው በሉት፤ ሹክሹክታም ጩኸትም አብረው ይገባሉ፣ ሞልቶ አይፈስም። ከመጠን ያለፈ የሚመስለውን ድምፅ ላፕቶፕ ላይ ዝቅ ሳደርገው ሳይቆረጥ ሙሉውን አገኘዋለሁ። ማይኩ ራሱ ወሰን አለው፣ እስከ 120 ዲሲቤል ነው የሚችለው። ክራርና የሰው ጉሮሮ በክንድ ርቀት እዚያ አይደርሱም። አሁን አምባሰልን ሳልፈራ እለቀዋለሁ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ደግሞ ትናገራለች። ሜኑ ውስጥ ስገባ የት እንዳለሁ በድምፅ ታነብልኛለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጡት ሦስቱ እህትማማቾች፣ ኤች 1፣ ኤች 4 እና ኤች 6፣ ሁሉም ይሄ አላቸው። አማርኛ የለም። ያ ቅር ይለኛል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ የማይሰሙ፣ ከኔ የተሻለ የሚጫወቱ ዓይነ ስውራን አውቃለሁ። ሲወጣ ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነበር። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። በሁለት ቀጫጭን ባትሪ ስለምትሠራ መብራት ቢጠፋም ቅጂው አይቋረጥም።

32 ቢት ፍሎት የዝናብ ድምፅ እንደማያጠፋ ግን እወቁ። ሐምሌ ላይ ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ ስር ለሚቀዳ ሰው መድኃኒቱ መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ፣ አዛኑም የቤተክርስቲያኑ ድምፅም ሳይጀምር፣ መስኮቱ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅዬ እቀመጣለሁ። ሌላው «ፍ» ነው። «ፍቅር» ባልኩ ቁጥር ትንፋሼ ማይኩን በቡፍታ ይመታዋል። መቅጃዋን ከአፌ ፊት ሳይሆን ወደ ጉንጬ በኩል አዞርኳት፣ የሽቦ ቀለበት ላይ ስስ ስቶኪንግ ወጥሬ መሃል አቆምኩ። አሁን ደህና ነው።

ሚክሱን የምሠራው ሪፐር በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የሚወርደው ፋይል 15 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ በእኛ ኢንተርኔትም አያስቸግርም። 60 ቀን ይሞከራል፣ ከዚያ የግል ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኦሳራ የሚባለው ነፃ ማሟያ ሲጫንበት ከስክሪን ሪደሩ ከኤንቪዲኤ፣ ማለትም ላፕቶፑ ላይ ያለውን በድምፅ ከሚያነብልኝ ፕሮግራም፣ ጋር ይግባባል። ኦሳራን የጀመረው ጄምስ ቴህ ነው፤ ከማይክል ከራን ጋር ኤንቪዲኤን የሠራው አውስትራሊያዊ። ሁለቱም ዓይነ ስውራን ናቸው፣ ስትነኩት ያስታውቃል። ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 7 ትራኩን (አንዱን የድምፅ መስመር) ለቅጂ ያዘጋጃል፣ ኤፍ 5 ዝም ያሰኘዋል፣ ኤፍ 6 ለብቻው ያሰማኛል። ፒክ ዋቸር የሚባለው ደግሞ ድምፁ ከወሰን ሲያልፍ በቃል ይነግረኛል። ያ ቀይ መብራት በጆሮዬ መጣልኝ ማለት ነው።

ባለፈው አንድ የባቲ ዜማ ስሠራ ክራሩና ድምፄ እየተጋፉ አስቸገሩኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ከፍዬ ስቀዳ እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። ባለሙያው «አብሽሪ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሎ ድምፄን ሪቨርብ በሚባለው ማስተጋቢያ አጥለቀለቀው፣ የቱ ጋ እንደሚቀነስ ግን ልነግረው አልቻልኩም። አሁን ኪቦርዱ ላይ «P» የሚለውን ፊደል ተጫንኩ፣ የኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚያስተካክለው) ቁጥሮች ተራ በተራ ተነበቡልኝ፣ ክራሩን 300 ኸርዝ አካባቢ በ3 ዲሲቤል ዝቅ አደረግኩት። ድምፄ ወጣ! እጄ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ትዝታ ስቀዳ፣ ልክ ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ላይ፣ ኤንቪዲኤ በላፕቶፑ ስፒከር «ባትሪ አንሷል» የሚለውን ማስታወቂያ አነበበ፣ ማይኩም ቀዳው። ከዚያ ወዲህ መቅጃዋን በዩኤስቢ እንደ ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም የላፕቶፑ ድምፅ ማስገቢያና ማውጫ አድርጌ፣ እጠቀማታለሁ። ዘፈኑ ከእሷ ይመጣል በአንድ ጆሮዬ፣ ኤንቪዲኤ ከላፕቶፑ በኢርፎን በሌላው። ለሰው ስትልኩ ደግሞ ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት። ጥሬውን ፋይል የጓደኛዬ ስልክ አልከፍትም ብሎ ነበር።

ወንድሜን በ9 ወር የጠራሁት ሁለቴ ነው። መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዷን ሳስገባ፤ ጥፍር ታክላለች፣ ከእጄ አምልጣ ምንጣፉ ውስጥ ገባች። ሁለተኛው ኮምቦልቻ ነው፣ ማሲንቆ የሚጫወት ወዳጄ ቤት ልቀዳ ወርጄ። ልጁ ስትጫወትባት የሚናገረውን ድምፅ አጠፋችው። ቁልፉን ብጫን ዝም፣ ብጫን ዝም። ቤቱ ውስጥ ሜኑውን የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከደሴ በቪዲዮ እያየ «ወደ ታች በይ፣ አሁንም ወደ ታች፣ አሁን ተጫኚው» እያለ መለሰልኝ። ማሲንቆውን ያን ማታ ቀዳነው።