ባዶ ስቴንት ወይስ መድኃኒት የተቀባ?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ጨዋታው ወደ ስትሮክ ዞረ። አንድ ጎረቤታችን «ለልብ የሚገባው ስቴንት ለአንጎልም አለ አሉ፣ እውነት ነው?» አሉ። የግፊት ክኒናቸውን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ የሚውጡ ሰው ናቸው። አዎ ጋሼ፣ አለ። ግን ዓይነቱ ይለያያል።

ስቴንት ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ትንሽ የብረት መረብ ነው፤ ባዶው መድኃኒት የሌለው ነው። የጠበበውን ደም ሥር ገፍቶ ይከፍታል። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው፤ የተጎዳው ግድግዳ ጠባሳ ያበቅልና መንገዱ ተመልሶ ይጠብባል። የተቀባው ግን ጠባሳውን የሚገታ መድኃኒት ቀስ እያለ ይለቃል።

ቻይና ውስጥ ሁለቱ በ263 ሕመምተኞች ላይ ተፈትነው ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። በዓመቱ ተመልሶ የጠበበው በባዶው 30.2 በመቶ፣ በተቀባው 9.5 በመቶ ነበር። ከመጀመሪያው ወር በኋላ እስከ ዓመቱ ስትሮክ የመታቸው ደግሞ በባዶው 6.9፣ በተቀባው 0.8 በመቶ። ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የመጀመሪያው ወር ላይ ግን የተቀባው አልበለጠም። ስትሮክ ወይም ሞት በተቀባው 7.6፣ በባዶው 5.3 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። ስቴንቱን ለማስገባት በአንጎል ደም ሥር ቱቦ ማሳለፍ በራሱ አደጋ አለው፣ ቅባቱ እዚያ ላይ አይረዳም።

ስለዚህ እኔ ከሁለቱም ክኒኑን አስቀድማለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው ሳምፕሪስ ጥናት ባዶ ስቴንትን ከመድኃኒት ጋር አወዳድሮ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት፣ በስቴንት 14.7፣ በመድኃኒት ብቻ 5.8 በመቶ። መድኃኒቱም ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል፣ እንዲሁም የግፊትና የኮሌስትሮል ክኒን ነው። የተቀባው ስቴንት ተራው የሚደርሰው ይህን ሁሉ በሥርዓት እየወሰደ ስትሮክ ለደገመው ሰው ነው። ያኔም ክኒኑ አይቀርም።