ታንደም ለድሬ፦ የትራኩ፣ የአስፋልቱ ወይስ ባለ 26ቱ?

የፓራሊምፒክ የትራክ ውድድር ላይ ሁለት ሰው በአንድ ብስክሌት፣ በታንደም፣ ሲበር ያየ ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው «ይሄ ነገር የት ይሸጣል?» ነው። ድሬም ይጠየቃል። ማየት ከተሳነው ወንድሙ ጋር መንዳት የሚፈልግ አለ። ክለብ ለማቋቋም የሚያስብ አለ። ሚስቱን ከኋላ አስቀምጦ ከዚራን መዞር ያማረውም አለ፤ እሱም መብቱ ነው።

ታንደም ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ፤ በየብየዳ ቤቱ የሚሠራውን ከጨመርን አራት። ቲቪ ላይ ያያችሁት ደግሞ ለድሬ ከሁሉም የማይሆነው ነው።

መጀመሪያ ስለ አቀማመጡ። ፊት ያለው ፓይለት ይባላል። የሚያይ ሰው ነው፤ መሪውን ይይዛል፣ ማርሽና ፍሬን ካለም እሱ ያዛል። ከኋላ የሚቀመጠው የማየት ጉዳት ያለበት ተወዳዳሪ ነው። የሁለቱ ፔዳል በአንድ ካቴና ስለተያያዘ አንዱ ሲያቆም ሌላውም ይቆማል። ሲያሸንፉም ሜዳሊያው ለሁለቱም ነው።

የትራኩ ታንደም

ፍሬን የለውም። ተሳስቼ አይደለም፣ የለውም። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። እግር ማሳረፍም አይቻልም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል። ፍጥነት የሚቀንሰው ፔዳሉን በእግር እየተቃወሙ ነው።

ቬሎድሮም ውስጥ፣ ማለትም ለብስክሌት ውድድር በተሠራው ክብ ትራክ፣ ይሄ ሁሉ ችግር አይደለም። አንድ ዙር 250 ሜትር ነው። ወለሉ ልሙጥ እንጨት ነው። መታጠፊያው እስከ 45 ዲግሪ ያጋድላል፤ ስለዚህ ፍጥነት ሳይቀንሱ ይታጠፋሉ። ማንም ፍሬን ስለሌለው ከፊት ያለው ድንገት ቆሞ የኋላውን አያጋጭም። የብሪታኒያው ኒል ፋቺና ፓይለቱ ማት ሮተራም በቶኪዮ ፓራሊምፒክ (እ.ኤ.አ. 2021) ከቆሙበት ተነስተው 1 ኪሎ ሜትሩን ከ59 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። በአማካይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው።

አሁን ይሄንኑ ብስክሌት ሳቢያን መንገድ ላይ አስቡት። ባጃጁ ያለ ምልክት ይታጠፋል። ፍየሏ መሃል ላይ ቆማ ታስባለች። እናንተ ደግሞ ሁለት ሰው ተጭናችሁ ፍሬን የላችሁም።

ስለዚህ የትራኩን የሚገዛው ቬሎድሮም የሚያገኝ ሰው ብቻ ነው። ድሬ የለም። አፍሪካ ውስጥ ለምሳሌ ካይሮ አለ፤ ግን ለልምምድ ካይሮ የሚመላለስ ክለብ ካለ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ ቬሎድሮም ማጣት የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎችን ያዘጋጀችው በርሚንግሃም የትራክ ብስክሌቱን ውድድር ለንደን ወስዳ ነው ያካሄደችው።

ዶላን የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ እንዲህ ዓይነቱን ይሠራል። ስሙን ድረ ገጽ ላይ ስታዩ ልባችሁ አይሸፍት። እንደ ፋብሪካ ጥሩ ነው፤ ለእኛ መንገድ ግን አልተሠራም።

የአስፋልቱ ታንደም

ይሄኛው ቁም ነገር ነው። ማርሽ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ጎማው ቀጭንና ትልቅ ነው፤ 700 የሚባለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ፓራሊምፒክ ላይ ታንደም ትራክ ብቻ አይደለም። የጎዳና ውድድርም፣ እያንዳንዱ ጥንድ ለብቻው በሰዓት የሚለካበት ውድድርም አለው። ስለዚህ ሕልማችሁ ውድድር ከሆነ የአስፋልቱን ገዝታችሁ በዚያው መወዳደር ትችላላችሁ። የትራኩ ግን ያለ ቬሎድሮም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ነው።

ሜዳ ላይ ደግሞ አቦ፣ ደስታው ሌላ ነው። እግሩ የሁለት ሰው ነው፤ ነፋሱን ፊት ለፊት የሚገፋው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ሰው ነው። ጠዋት በማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ በመልካ ጀብዱ መንገድ ሁለት የተግባቡ ሰዎች ይዘውት ቢወጡ ብቻውን የሚነዳ ጎበዝ አይደርስባቸውም።

ዳገት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ክብደቱ የሁለት ሰው ነው፤ ተነስቶ ፔዳል መምታቱም ካልተግባቡ ያወዛውዛል። ወደ ደንገጎ ስትወጡ ትረዱታላችሁ። ከዳገቱ የሚብሰው ግን መመለሻው ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ከ1800 ይበልጣል። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ መውረድ ነው። ሁለት ሰውና ብስክሌቱ ተደምሮ 150 ኪሎ ሲሆን ቸርኬውን የሚይዝ ተራ ፍሬን ይግላል። ሙቀቱ ወደ ጎማው ያልፍና ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። የድሮ ታንደሞች ለቁልቁለት ሦስተኛ ፍሬን የሚጨመርላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ደንገጎን ለመውረድ የሚያስብ ሰው ትልቅ ዲስክ ፍሬን የሌለውን አይግዛ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

የአስፋልቱ ድክመት መለዋወጫው ነው። ሞዞውን፣ ማለትም የጎማውን መሃል፣ ስፋት ጠይቁ። ተራ ብስክሌት ከኋላ 130 ወይም 135 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ታንደሞች 145 ናቸው። የአሜሪካው ሳንታና 160 ይጠቀማል። ሰፊ መሆኑ ጎማውን ያጠነክረዋል፤ የሳንታና ሰዎች የሚሉትም ትክክል ነው። ግን ድሬ ላይ ሞዞው ቢሰበር 160 ከየት ይመጣል? ታይዋን ገበያ ሁሉ ነገር አለ ይባላል፤ ይሄ ግን የለም። እስኪላክ ድረስ ብስክሌቱ ይቆማል።

ባለ 26ቱ

መልኩ አይማርክም። ከባድ ነው፣ 20 ኪሎም ያልፋል። ፓይለቱ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እንደ ውድድሩ ጎንበስ ማለት የለም። ጎማው ግን ሰፊና አጭር፣ ባለ 26 ኢንች ነው። አጭር ቸርኬ ተመሳሳይ ሽቦ ይዞ ከትልቁ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሁለት ሰው ሲሸከም ይሄ ልዩነት ይታያል። ደቻቱን ተሻግራችሁ ኮብልስቶኑ ላይ ስትገቡም፣ የግራር እሾህ ባለበት ጥርጊያ መንገድ ላይም ይችላል። የ26 ከመነዳሪ ጎሚስታውም ጋ፣ ብስክሌት ጠጋኙም ጋ አይጠፋም። ሞዞው 135 ከሆነ ደግሞ ከተራ ማውንቴን ብስክሌት ነቅሎ መግጠም ይቻላል።

ርካሾቹን ተጠንቀቁ። ርካሾቹ ተራ ፍሬንና አነስተኛ ሽቦ ነው የሚኖራቸው። የኋላው ቸርኬ ቢያንስ 36 ሽቦ ይኑረው። የምትነዱት ከዚራና መልካ ጀብዱ ብቻ ከሆነ በተራው ፍሬንም ይቻላል።

ሁለት አሮጌ ብስክሌት በያጅ አገጣጥሞ የሚሠራውስ? ለሠፈር ዙረት ይሆናል። ጥሩ በያጅ አግኙ፤ ሁለቱን ፔዳሎች ከታች የሚያገናኝ ወፍራም ቱቦ መኖሩን እዩ። ያ ከሌለ መሃሉ ይለመጣል፣ ካቴናውም ይወልቃል። ቁልቁለት ላይ አትውጡበት።

እኔ ብጠየቅ ባለ 26ቱን፣ ዲስክ ፍሬን ያለውን እላለሁ። የአስፋልቱን የምመክረው ሁለቱ ሰዎች ለጥቂት ወራት አብረው ነድተው፣ ተግባብተው፣ ውድድር እንደሚፈልጉ ካረጋገጡ በኋላ ነው። ሐረር ላላችሁ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ጀጎል ውስጥ ለመንዳት የትኛውንም አትግዙ። ታንደም ሁለት ሜትር ከግማሽ አካባቢ ይረዝማል፤ እዚያ መንገዶች ውስጥ ገብቶ አይዞርም።

ከብስክሌቱ በፊት ሰውዬው

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፊት የሚቀመጠውን ወስኑ። በ2022ቱ ኮመንዌልዝ የሆነው ይገርመኛል። ከፋቺ ጋር ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያገኘው ሮተራም በዚያ ውድድር ፓይለት የሆነው ለተፎካካሪው ለዌልሱ ጄምስ ቦል ነበር። በስፕሪንቱ፣ ማለትም ጥንድ ከጥንድ በሚፎካከርበት አጭር ውድድር፣ ቦልና ሮተራም ፋቺን አሸነፉ። በ1 ኪሎ ሜትሩ ደግሞ ፋቺ ከአዲሱ ፓይለቱ ከሉዊስ ስቱዋርት ጋር እነሱን ቀደመ። የእኛም ያየሽ ጌቴ በፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ 1500 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ከጎኗ አብሯት የሚሮጥ ረዳት ነበር። እንዲህ ዓይነት ጥምረት በሱቅ አይሸጥም።

የምትገዙትም በፓይለቱ ቁመት ነው። የብስክሌቱ ቁመት ፓይለቱ በሁለት እግሩ ቆሞ፣ ፍሬን ይዞ፣ የኋላው እስኪወጣ ሚዛን የሚጠብቅበት ይሁን። የኋላው መቀመጫ ብዙ ጊዜ አነስ ይላል፤ ስለዚህ ረጅሙን ከኋላ ማድረግ ይከብዳል። ፓይለቱ መናገር የሚወድ ቢሆን ይመረጣል። «ጉብታ!»፣ «ፍሬን!»፣ «ወደ ቀኝ!» እያለ የማይጣራ ፓይለት ከኋላው ያለውን ሰው ያስፈራል። ዝምተኛ ጓደኛ ካላችሁ ለቡና ጥሩት።

ሁለተኛ እጅ ስትገዙ በግራ በኩል ያለውን፣ ሁለቱን ፔዳል የሚያገናኘውን ካቴና በጣት ጫን በሉት። በጣም ከረገበ ወይ አልተወጠረም ወይ አልቋል። የፊቱ ፔዳል ያረፈበት ክብ አካል እየተዟዟረ ያንን ካቴና የሚወጥር ከሆነ መላወሱን አረጋግጡ፤ ዝጎ የተጣበቀ ካለ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት። የድሬ አቧራ ካቴና ይበላልና መለዋወጫውን ከብስክሌቱ ጋር አብራችሁ እዘዙ። የሁለቱን ፔዳል የሚያገናኘው ከተራው ካቴና ይረዝማል፤ ሁለት ተራ ካቴና ገዝታችሁ ቀጥሉት።