ናፍጣ በሊታ ባክቴሪያ፦ የሚሠራው ዱቄቱ ነው ወይስ ዩሪያው?

ናፍጣ የጠጣ አፈር ያጸዳሉ ተብለው በዱቄት የሚሸጡት ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከፉርሽካ ጋር ተደባልቀው ደርቀው ይመጣሉ። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፎ መርጨት ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ግን ክሎሪኑ ይፈጃቸዋልና በሰፊ ዕቃ ክፍቱን ይደር። እዚህች ላይ የሚሳሳት ሰው የሚረጨው ፉርሽካ ብቻ ነው።

ለእኛ ግን ዋናው ዱቄቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስ ጽዳቱን ያፋጠነው ማዳበሪያ ነበር። ዘይት የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያው ነበሩ፤ የጎደላቸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። ከውጭ የመጡት ሲሞከሩ ግልጽ ብልጫ አላሳዩም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በኪሎ 10,000 ሚሊ ግራም ናፍጣ ያለበት አንድ ቶን አፈር 10 ኪሎ ናፍጣ ይዟል፤ 8.5 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። የካርቦን፣ የናይትሮጅንና የፎስፎረስ ምጣኔ 100፡10፡1 ይሁን ካልን ናይትሮጅን የሚሰጠው ዩሪያ 1.7 ኪሎ፣ ፎስፎረስ የሚሰጠው ዳፕ ማዳበሪያ ደግሞ 400 ግራም ይበቃዋል። ይህን በአንዴ የደፋ ሰው አሞኒያ ይሸተዋል፣ ጨውነቱም ባክቴሪያውን ያደርቀዋል፤ በ3 ወይም በ4 ዙር ይከፋፈል።

አፈሩ ከ30 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ተዘርግቶ በየሳምንቱ ይገላበጥ። እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል፦ ሲጨበጥ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ውሃ ግን አያንጠባጥብም። የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ውሃው በዝቶ አየር አጥሮታል።

መገላበጡ ታዲያ ሌላ ጣጣ አለው። የናፍጣው ቀላል ክፍል ወደ አየር ይተንና የላቦራቶሪው ቁጥር ይወርዳል፤ ምስጋናውን ዱቄቱ ይወስዳል! ስለዚህ አፈሩን በሁለት መደብ ከፍላችሁ አንዱን ያለ ዱቄት ተዉት፤ ዩሪያውም፣ ውሃውም፣ መገላበጡም እኩል ይሁን። ከየመደቡ ቢያንስ 5 ቦታ አፈር ወስዳችሁ ቀላቅሉና በመጀመሪያው፣ በ30ኛውና በ60ኛው ቀን አስመርምሩ። ልዩነት ከሌለ የከፈላችሁት ለፉርሽካ ነው።

ዱቄቱ የሚያዋጣው በግራም አፈር ውስጥ ከ1,000 ያነሰ ሕያው ባክቴሪያ ሲቆጠር ነው፤ ለምሳሌ እሳት ወይም ኬሚካል ያመከነው አፈር ላይ። ናፍጣው በኪሎ ከ50,000 ሚሊ ግራም ካለፈ መርዝነቱ ስለሚያይል መጀመሪያ በሌላ አፈር ይሳሳ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሆነ ደግሞ ብረታ ብረቱንም አስለኩ፤ እርሳስን የትኛውም ባክቴሪያ በልቶ አያጠፋውም።