ለዲኤክስም ለቪትዝም ጌጅ ስትገዙ፦ በቱቦ፣ በሽቦ ወይስ በብሉቱዝ?

አዳማ ላይ ዲኤክሱን (የድሮዋን ኮሮላ) ያሳመረ ልጅ ሁሉ ሰሞኑን ጌጅ፣ ማለት የዘይት ግፊትና የውሃ ሙቀት የሚያሳይ ተጨማሪ መለኪያ፣ ልግጠም ወይ እያለ ይጠይቀኛል፣ ጥያቄው ደግሞ ሁሌ አንድ ነው፣ "የቱ ያምራል?" ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ መኪናህ ካርቡራተር ነው ወይስ ኮምፒውተር ያለው? ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው ሜዳ ላይ የተጣለ ብር ነው።

ክሩስኮቱ ላይ (ከመሪው ፊት) ከመኪናው ጋር የመጣው መለኪያ አይበቃም ወይ ለሚል፣ አይበቃም። የሙቀት መርፌው ብዙ መኪና ላይ ሹፌሩ እንዳይጨነቅ ተብሎ እንዲረጋ የተሰራ ነው፣ ውሃው 80 ሆነ 100 ዲግሪ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ያያችኋል፣ ሲነሳ ቴስታታችሁ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) እየሄደ ነው። ያቺ ጀበና የምትመስለው ቀይ የዘይት መብራትም የዘይቱ ግፊት ወደ ግማሽ ባርና ከዛ በታች ካልወረደ አትበራም፣ በሩጫ ላይ ከበራች ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ብረት) ተበልቷል በሉት። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከመልካሳ ወደ አሰላ ስትወጡ ደግሞ ከዛም ይቀንሳል፣ ራዲያተሩን የሚያቆየው የክዳኑ ግፊት ብቻ ነው። ክዳኑ ካረጀ ጌጁም ያልቅሳል እናንተም።

ወደ ምርጫው። የቱቦው ማለት ለዘይት ግፊት ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ተነስቶ ዘይቱን ራሱን እስከ ጌጁ ጀርባ ያመጣዋል፣ ውስጥ ያለችው የታጠፈች የነሐስ ቱቦ በግፊቱ ልትቃና ስትሞክር መርፌውን ትስበዋለች። መብራት አይፈልግም (ከማታ አምፖሉ በስተቀር)፣ ትክክል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ባትሪ ቢደክም አይዋሽም። ችግሩ ግን የጋለ ዘይት ጉልበታችሁ ጋ መምጣቱ ነው። አንድ ጓደኛዬ የፕላስቲኩን ቱቦ ሞተሩንና ካቢኑን በሚለየው ላሜራ ቀዳዳ መከላከያ ጎማ ሳያደርግበት አሳለፈው፣ ላሜራው ቀስ እያለ ፈገፈገው፣ ከዛ ኢተያ ሳይደርስ ሱሪው ላይ ፈሰሰ፣ እግሩ ተርፏል ሱሪው ግን አልተረፈም። የምትገዙ ከሆነ የመዳብ ቱቦ ያለውን ወይም በብረት የተሸፈነውን ግዙ። የውሃ ሙቀቱ የቱቦ ጌጅ ሌላ ጣጣ አለው፣ ቱቦው ታሽጎ ነው የሚመጣው፣ አይቆረጥም አይቀጠልም፣ አንዴ ከተሰበረ ጣሉት።

የሽቦው እኔ የምወደው ነው፣ ግን ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጌጁ ጆሮ ነው፣ የሚናገረው ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ሴንሰር ነው፣ ሁለቱ ደግሞ በአንድ ቋንቋ መነጋገር አለባቸው። የአውሮፓው ዓይነት ሴንሰር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 180 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው፣ ግፊት ሲጨምር ኦሙ ይጨምራል፣ የአሜሪካው ከ240 ወደ 33 ይወርዳል፣ ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ጌጁን ከአንዱ ሱቅ ሴንሰሩን ከሌላው ካመጣችሁ መርፌው ወደ ኋላ ይሄዳል። ከነሴንሰሩ በካርቶን ካልሆነ አትግዙ በቃ። ዴፊ የሚባለው ጌጅ የጃፓኑ የኒፖን ሴይኪ ምርት ነው፣ ኦሪጅናሉ አሪፍ ነው፣ ግን ፊቱ ቁርጥ እሱን የሚመስል ኮፒ ሞልቷል፣ በርካሽ ካገኛችሁት ዴፊ አይደለም።

ሌላው የሴንሰሩ ጥርስ ነው፣ ሞተሩ ላይ የሚጠብቅበት ማለቴ ነው። የቶዮታ የዘይት ሴንሰር ጥርስ የጃፓኑ አንድ ስምንተኛ ነው፣ በኢንች 28 ጥርስ፣ ከአሜሪካ ጌጅ ጋር የሚመጣው 27 ነው። አንድ ጥርስ ምን ታደርጋለች ብሎ በቁልፍ የታገለ ልጅ ብሎክ ሰንጥቋል። የድሮውን ሴንሰር ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልገጠመ ቶርኖ ቤት ማገናኛ ይሰሩላችኋል። ከባዱን ሴንሰር በቀጭን የነሐስ ማገናኛ ላይ አንጠልጥላችሁ ደግሞ አትተዉት፣ በንዝረት ይቆረጣል፣ ዘይት ፊልትሩ ስር የሚገባው ሳንዱች የሚሉት ሳህን ይሻላል። ቴፍሎንም አታብዙ! አንድ ሽቦ ያለው ሴንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በጥርሱ በኩል ነው፣ እንደ ውሃ ቧንቧ ከጠቀለላችሁት መርፌው ከቦታው አይነሳም።

ሽቦው አራት ነው ብዙ ጊዜ፣ ሁሌ ፖዘቲቭ፣ ከቁልፍ ጋር የሚመጣ፣ ከመብራት ጋር የሚበራና ኔጌቲቭ፣ ቀለሙን አትመኑ ወረቀቱን አንብቡ፣ 3 ወይም 5 አምፒር ፊውዝ ለብቻው ስጡት። በጣትና በናስትሮ ብቻ የተጠመጠመ ሽቦ በአዳማ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል፣ በይዱት። የኔው ራሱ አንዴ የፊት መብራት ሳበራ የውሃው ሙቀት 10 ዲግሪ ይዘል ነበር፣ ሁለት ቀን ራዲያተር ስፈታ ስገጥም ቆይቼ ለካ ኔጌቲቩን ከሬዲዮው ጋር በአንድ ዛገ ቪቴ አስሬው ነው፣ ቀጥታ ከሞተሩ ሳመጣው ዝም አለ።

የብሉቱዙ ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር የሚመረመርበት ሶኬት (ኦቢዲ) ላይ ሰክታችሁ በስልክ የምታዩት ነው። ለቪትዝና ለአዲሱ ኮሮላ ምንም ሳይበሳ፣ በጥቂት ብር፣ የውሃ ሙቀትና የዲናሞውን ቮልት (ሞተሩ ሲሰራ 14 አካባቢ ካልሆነ ዲናሞው ይታይ) በቁጥር ያሳያችኋል። አሜሪካ ለተሸጠ መኪና ሶኬቱ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ስለሆነ ይሰራል፣ የጃፓን የቆየ መኪና ግን ሶኬቱ እያለም ላይናገር ይችላል፣ ሳትገዙ በሰው መሞከሪያ ሞክሩት። የዘይት ግፊት አታገኙበትም፣ አብዛኛው መኪና ያለው ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ መለኪያ አይደለም። ለዲኤክስ ደግሞ የሚሰካበትም የለው።

ስለዚህ ዲኤክስ ከሆነ የሽቦ የዘይት ግፊትና የሽቦ የውሃ ሙቀት፣ ሁለት ብቻ፣ ከአንድ ፋብሪካ። ካርቡራተር ራሳችሁ የምታስተካክሉ ከሆነ የቫኪዩም (ሞተሩ አየር የሚስብበት ጉልበት) ጌጅ ጨምሩ፣ ግን መጽሐፉ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ የሚለው ለባህር ዳርቻ ነው፣ አዳማ ላይ 5 ያህል ቀንሱለት፣ አለዚያ ደህና ሞተር ታስፈታላችሁ። ቪትዝ ከሆነ ብሉቱዙ ይበቃል፣ ብሩን ለጎማ።

ቱርቦ ዲ ፎር ዲ (የቶዮታ ናፍጣ) ፒክአፕ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው፣ የቱርቦ ግፊትና የጭስ ሙቀት ያስፈልጋችኋል፣ የጭሱ ሴንሰር ከቱርቦው በፊት ማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ብረት) ላይ ነው የሚገባው። ሲበሳ የሚወጣው የብረት ብናኝ ተርባይኑን ይበላዋል፣ ማኒፎልዱን ሳላወርድ ልብሳልህ የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።