«12 ዲግሪ» ብላ ለጻፈችልኝ ፊዚዮቴራፒስት

በአሜሪካ ጦር 6 ዓመት አገልግዬ አሁን ባሕር ዳር እናቴ ቤት ነው ያለሁት። ያኔ ከወታደራዊ መኪና ስወርድ ወድቄ ነበር፤ የቀኝ እጄ አንጓ ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብሏል። ተረከዞቼ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ሚስማር የረገጥኩ ያስመስሉኛል። ፕላንታር ፋሺያይተስ ይሉታል።

ከቪኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የጉዳት ካሳ ልጠይቅ ተነሳሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) «ሕመም አለው» ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ሸኘኝ። ቪኤ ግን የሚፈልገው ቁጥር ነው። ጤነኛ አንጓ ወደ ኋላ 70 ዲግሪ ይታጠፋል። ከ15 በታች ሲወርድ 10 በመቶ የጉዳት ደረጃ ይሰጣል።

ወደ ፊዚዮቴራፒስቷ የጠቆመኝ ጉልበቱን ያከመችለት የባጃጅ ሾፌር ነው። ሐይቁ አካባቢ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ጎኒዮሜትር የሚሉትን፣ ሁለት እጅ ያለው ማስመሪያ የመሰለ ነገር አወጣችና አንጓዬ ላይ ገጠመችው። አንዴ ለክታ አልተወችኝም፤ ደጋግሜ እንዳጥፍ አድርጋ እንደገና ለካች። 12። እኔ ሞኙ ገና ሳትጀምር «ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጻፊው» ብያት ነበር። «ጋሼ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ። አፈርኩ።

ከዚያ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ አቆመችኝ። ተረከዜን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጮህኩ። የቱ ጋ እንደጮህኩ ሳይቀር ጻፈችው። ጉዳቱን ከውትድርናው ጋር የሚያያይዘውን ደብዳቤ ግን «እሱ የሐኪም ሥራ ነው» ብላ ወደ አጥንት ሐኪም መራችኝ። የእኛ አገር የሕክምና ካርድ በእንግሊዝኛ መጻፉም ጠቀመኝ፤ ከትርጉም ወጪ ድኛለሁ።

ውጤቱ መጣ፦ ለአንጓዬ 10፣ ለእግሮቼ 10። በቪኤ ሒሳብ 10 እና 10 ሲደመር 19 ነው፤ ከዚያ ወደ 20 ይጠጋል። አትጠይቁኝ!

ያገለገለ ዘመድ ያላችሁ፣ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ክፍያ የሚጠይቅ «አማካሪ» ከደወለ ስልኩን ዝጉበት። ሕጉ አይፈቅድም፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በነፃ ይሠሩላችኋል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች። ከሰዓት ሂዱ፣ የጠዋቱ ወረፋ አይቻልም።